ድርቆሽ በእስር፣ ሥጋ በኪሎ

ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው መድረቅ ሲጀምር ከሱሉልታ፣ ከሰበታና ከሆለታ አቅጣጫ ድርቆሽ ጭነው የሚመጡት መኪኖች ቁጥር ይበዛል። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ የድርቆሽ ገበያ የሚደራበት ወቅት ነው። ለበዓል ሰንጋ የሚያደልበው ባለሀብት፣ መጋዘን ያለው ነጋዴና ሁለቱን የሚያገናኘው ደላላ በዚህ ወቅት በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ሲከራከሩ ይሰነብታሉ፤ «እስሩ ስንት ገባ?» በሚለው።

ጥያቄው ለሻጩ የተመቸ ነው። አድላቢው ግን ኋላ የሚሸጠው እስር አይደለም፤ ሥጋ ነው። ሰንጋው በቁም ሲሸጥ በዓይን ቢገመትም፣ ሉካንዳ ነጋዴው እያገላበጠ የሚገምተው ሥጋው ስንት ኪሎ እንደሚወጣው ነው። በኪሎ የሚሸጥ ዕቃ የሚያመርት ሰው ዋናውን ጥሬ ዕቃ በዓይን ግምት የሚገዛበት ሌላ የንግድ ዘርፍ ማግኘት ያስቸግራል። ዱቄት ፋብሪካ ስንዴን በክምር አይገዛም፤ ዘይት ጨማቂም ኑግን በጋሪ አይገዛም።

መኖ በእስር ቆጠራ ሳይሆን በሚሰጠው ፕሮቲን ሲተመን የገበያው መልክ ይለወጣል። በእስር ውድ የሚባለው አልፋልፋ፣ ቬችና እነሱን የመሳሰለው ጥራጥሬ ወገን ድርቆሽ በብዙ ሁኔታ ርካሽ ሆኖ ይገኛል። በብዙ ሁኔታ እንጂ በሁሉም አይደለም። ትርፍና ኪሣራ የሚለየውም እዚህ ላይ ነው።

ሰንጋው ሣሩን የሚበላው ብቻውን አይደለም

በበሬ ጨጓራ ውስጥ ቁጥር ስፍር የሌላቸው ረቂቅ ሕዋሳት ይኖራሉ። ጭዱንና ሣሩን ፈጭተው ለበሬው ጉልበትና ሥጋ የሚያደርጉት እነርሱ ናቸው። እነዚህ ሠራተኞች ደመወዛቸው ፕሮቲን ነው። ከሚበላው ደረቅ መኖ ውስጥ ፕሮቲኑ ከ7 በመቶ ገደማ በታች ሲወርድ ሥራቸው ይዳከማል፤ መኖው በጨጓራ ውስጥ ይቆያል፤ ከብቱም የሚበላው ይቀንሳል። ግርግሙ ሞልቶ ሳለ ከብቱ የሚከሳው በዚህ ምክንያት ነው። ባለቤቱ ግን «በልቷል፣ ጠግቧል» ብሎ ይተኛል።

በአገራችን የተለመዱት መኖዎች በዚህ መለኪያ እንዴት ናቸው? የጤፍ ጭድ እንደየቦታው ከ3 እስከ 6 በመቶ ፕሮቲን አለው። የስንዴ ጭድ ከዚያም ያንሳል። የተፈጥሮ ሜዳ ድርቆሽ በጊዜው ከታጨደ 7 ወይም 8 በመቶ ይደርሳል፤ ዘሩን ካራገፈ በኋላ ከታጨደ ግን 5 እና 6 በመቶ ላይ ይቀራል። በደንብ የተያዘ የአልፋልፋ ወይም የቬች ድርቆሽ ከ15 እስከ 20 በመቶ ፕሮቲን ይሰጣል። የስንዴ ፉርሽካ 15 በመቶ አካባቢ ነው። የኑግ ፋጉሎ 30 በመቶ ገደማ ላይ ይቆማል።

ጥራጥሬ ወገን የሆኑት ተክሎች ይህን ያህል የሚበልጡት ያለ ምክንያት አይደለም። በሥራቸው ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ከአየር ላይ ናይትሮጅን እየወሰዱ ያቀብሏቸዋል። ናይትሮጅን ደግሞ የፕሮቲን ጥሬ ዕቃ ነው። አገሪቱ በውጭ ምንዛሪ ገዝታ የምታስገባውን ዩሪያ እነዚህ ተክሎች በከፊል እዚያው ማሳው ላይ ያመርቱታል ማለት ይቻላል።

ሒሳቡ ሲሠራ

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። የሚከተሉት ዋጋዎች ለስሌት እንዲያመቹ የተወሰዱ ናቸው፤ አንባቢ በየገበያው ያለውን ዋጋ ተክቶ ሊሠራበት ይችላል። የሣር ድርቆሽ ኩንታሉ 1500 ብር፣ የአልፋልፋ ድርቆሽ 2500 ብር፣ የኑግ ፋጉሎ 4000 ብር ነው እንበል። የሣሩ ፕሮቲን 6 በመቶ፣ የአልፋልፋው 18፣ የፋጉሎው 30 ይሁን።

አንድ ኩንታል የሣር ድርቆሽ 6 ኪሎ ፕሮቲን አለው፤ ስለዚህ አንዱ የፕሮቲን ኪሎ 250 ብር ወጣበት ማለት ነው። በአልፋልፋ ድርቆሽ የፕሮቲኑ ኪሎ 139 ብር ገደማ ይሆናል። በፋጉሎ 133 ብር ገደማ። በእስር ሲገዛ ርካሽ የነበረው ሣር በፕሮቲን ሲለካ ከሦስቱ ውዱ ሆኖ ወጣ።

ይሁንና ስሌቱን እዚህ ላይ ማቆም አያዋጣም። ፋጉሎ በፕሮቲን ከአልፋልፋ በትንሹ ቢረክስም ብቻውን የሚበላ መኖ አይደለም፤ ከሥሩ ገፈራ፣ ማለትም ሣር ወይም ጭድ ይፈልጋል። አልፋልፋ ግን ገፈራም ነው፣ የፕሮቲን ምንጭም ነው። ስለዚህ ተገቢው ውድድር አልፋልፋ በአንድ ወገን፣ ሣርና ፋጉሎ ተደባልቀው በሌላው ወገን ሲቆሙ ነው።

ግማሽ ኩንታል ፋጉሎና ግማሽ ኩንታል ሣር ቢቀላቀሉ የድብልቁ ፕሮቲን 18 በመቶ ይሆናል፤ ከአልፋልፋው ጋር እኩል ነው። ዋጋውስ? ፋጉሎው 2000 ብር፣ ሣሩ 750 ብር፣ ድምሩ 2750 ብር። እንግዲህ በእነዚህ ዋጋዎች 18 በመቶ ፕሮቲን ያለው አልፋልፋ እስከ 2750 ብር ድረስ ቢገዛ በፕሮቲን በኩል አይጎዳም። ፋጉሎ በጉልበት ሰጪነቱ ከአልፋልፋ ስለሚሻልና የአልፋልፋው ቅጠል በአያያዝ ስለሚረግፍ ጠንቃቃ ገዢ ከዚህ ላይ ከአሥር አንድ እጁን ቀንሶ 2500 ብር አካባቢ ላይ መቆም ይገባዋል።

በ250 ኪሎ ወይፈን ላይ ሲሰላ ደግሞ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። እንዲህ ያለው ወይፈን በቀን 6 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ይበላል። ሥጋ እንዲጥል ከተፈለገ ከሚበላው ውስጥ 11 በመቶ ያህሉ፣ ማለትም 660 ግራም ፕሮቲን ሊሆን ይገባል። ሣር ብቻ ከበላ የሚያገኘው 360 ግራም ነው። 300 ግራም ጎደለ። ጉድለቱን ለመሙላት ከሣሩ 2.5 ኪሎውን በአልፋልፋ መተካት ይቻላል፤ ወይም 1.25 ኪሎውን በፋጉሎ። ሁለቱም 660 ግራም ላይ ያደርሱታል። የአልፋልፋው መንገድ በቀን 115 ብር ይወስዳል፤ የፋጉሎው 121 ብር ከ25 ሣንቲም። ልዩነቱ 6 ብር ከ25 ሣንቲም ነው። ትንሽ ይመስላል። 50 ወይፈን ለ90 ቀን ላሰረ ሰው ግን 28,125 ብር ይሆናል።

ሣር ብቻ ያበላው ሰው በቀን የሚያወጣው 90 ብር ብቻ ነው። በቀን ሒሳብ ከሁሉም ያተረፈ እርሱ ይመስላል። ዳሩ ግን ወይፈኑ በ90 ቀን ውስጥ ለገበያ አይደርስለትም፤ በዓሉ ያልፈዋል፤ የባንክ ወለዱና የጠባቂው ደመወዝ ግን አይቆሙም። ርካሽ ድርቆሽ ገንዘብ ሲያድን ቀን ይበላል። በማድለብ ሥራ ውስጥ ደግሞ ቀን ማለት ገንዘብ ነው።

«ፋጉሎ እያለ ምን አደከመን?»

አንዳንድ አድላቢዎች የልዩነቱን ማነስ አይተው እንዲህ ሊሉ ይችላሉ። ክርክሩ ሚዛን የሚደፋ ይመስላል። ፋጉሎ በቀላሉ ይጓጓዛል፣ ቦታ አይፈጅም፣ በኩንታል ይመዘናል።

ሆኖም ፋጉሎ የሌላ ኢንዱስትሪ ተረፈ ምርት ነው። ዘይት መጭመቂያው ኑግ ሲያጣ ወይም ከውጭ ከሚገባው ዘይት ጋር መወዳደር ሲያቅተው ይቆማል፤ ፋጉሎውም አብሮት ይቆማል። የፋጉሎ ዋጋ ሲወሰን አድላቢው በድርድሩ ውስጥ የለም። ከወተት ላም አርቢውና ከዶሮ መኖ አቀነባባሪው ጋርም ይሻማል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ የቅባት እህሉ ዋጋ ከውጭው ገበያ ጋር ያለው ትስስር ጠብቋል። በአንድ ምርት ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ማድለቢያ የዚያ ምርት እስረኛ ነው።

የአያያዝ ጉዳይም አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ የሆነ፣ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ባሉ የወተት እርባታዎች ላይ የተካሄደ ጥናት አፍላቶክሲን የተባለውን የሻጋታ መርዝ በወተትና በመኖ ውስጥ አግኝቷል፤ ዋነኛ ምንጭ ተብሎ የተጠቀሰውም የኑግ ፋጉሎ ነበር። ፋጉሎ መጥፎ መኖ ነው ማለት አይደለም። በእርጥብ መጋዘን የከረመ ፋጉሎ ግን አደጋ ነው፤ በዓይንም ሁልጊዜ አይለይም።

ስለዚህ ጥበቡ ሁለቱን ማፎካከር ላይ ነው። አልፋልፋ ሲወደድ ፋጉሎውን፣ ፋጉሎ ሲወደድ አልፋልፋውን ከፍ እያደረገ የሚሄድ አድላቢ ለሁለቱም ሻጭ «ሌላ አማራጭ አለኝ» ማለት ይችላል። ገበያ የሚከበረው አማራጭ ያለው ገዢ ሲኖር ነው።

ለየትኛው ከብት?

አልፋልፋ በተነሣ ቁጥር የሚሠራው ሌላው ስሕተት ለከብት ሁሉ አንድ ዓይነት መሆኑን ማሰብ ነው። ወይፈን ገና አጥንትና ሥጋ የሚሠራ ከብት ስለሆነ ፕሮቲን ይፈልጋል። ከቦረና መጥተው በአዳማና በአካባቢው ማድለቢያዎች በቁም ለውጭ ገበያ የሚዘጋጁት ወይፈኖች ከዚህ ወገን ናቸው። በእነርሱ ላይ ጥራጥሬ ወገን ድርቆሽ ወጪውን ይመልሳል።

ከእርሻ የወጣው ጎልማሳ በሬ ግን ሌላ ነው። ዕድገቱን ጨርሷል፤ የሚፈለግበት ስብ መጣል ነው። ስብ የሚመጣው ከጉልበት ሰጪ መኖ፣ ማለትም ከበቆሎ፣ ከፉርሽካና ከሞላሰስ ነው። ለእንዲህ ያለው በሬ ፕሮቲኑ 9 ወይም 10 በመቶ ከደረሰ ይበቃዋል። ከዚያ በላይ አልፋልፋ ማጋበስ ውድ ፕሮቲን ገዝቶ በሽንት መልክ ማፍሰስ ይሆናል፤ ትርፉን ናይትሮጅን ከብቱ የሚያስወግደው በዚያ መንገድ ነውና። ለጎልማሳ በሬ የሚሻለው አጃና ቬች ተቀላቅለው የተዘሩበት ድርቆሽ፣ ወይም ጥሩ ሣር ከጥቂት ፋጉሎ ጋር ነው።

ይህ የአጃና የቬች ድብልቅ ከሚገባው በታች የታወቀ ዕቃ ነው። በደጋው አካባቢ ያለ መስኖ በክረምቱ ዝናብ ይበቅላል። ቬቹ በአጃው ላይ ተደግፎ ስለሚያድግ መሬት ላይ ተኝቶ አይበሰብስም። ፕሮቲኑ እንደ ድብልቁ መጠን ቢለያይም 12 በመቶ ገደማ ቢሆን ከላይ በተያዙት ዋጋዎች ሩብ ኩንታል ፋጉሎና ሦስት ሩብ ኩንታል ሣር ይተካል፤ ይህም 2125 ብር ያወጣል። ከዚያ በታች የሚሸጥ ካለ ለአድላቢው ጥሩ ግዢ ነው።

ለወተት ላም ታስቦ ገና በለጋነቱ የታጨደውን፣ እንደ ሐር የለሰለሰውን አንደኛ ደረጃ አልፋልፋ ሰንጋ አድላቢ ተሻምቶ መግዛት የለበትም። የዚያን ድርቆሽ ዋጋ የሚወስነው ወተት ነው፤ ወተት አላቢው በየቀኑ ገንዘብ ስለሚያገኝ የበለጠ መክፈል ይችላል። ለሥጋ ከብት የሚበቃው መካከለኛው ደረጃ ነው፤ ማበብ በጀመረበት ሰሞን የታጨደ፣ ቅጠሉ ያልረገፈ፣ አገዳው ያልደነደነ።

ገለባ ድርቆሽ አይደለም

በገበያው ውስጥ ሆን ተብሎም ሆነ ባለማወቅ የሚደባለቁ ሁለት ነገሮች አሉ። የባቄላ፣ የአተር፣ የምስር፣ የሽምብራ፣ የጓያና የቦሎቄ ገለባ «የጥራጥሬ መኖ ነው» እየተባለ እንደ አልፋልፋ ዘመድ ይሸጣል። ዘመድነቱ እውነት ነው፤ ውርሱ ግን እኩል አይደለም። የእህሉ ገለባ ፍሬው ከተወቃ በኋላ የቀረው ስለሆነ ተክሉ ፕሮቲኑን ወደ ፍሬው አስገብቶ ጨርሷል፤ ቅጠሉም አብዛኛው ማሳ ላይ ቀርቷል። ከጤፍ ጭድና ከስንዴ ጭድ በአብዛኛው ይሻላል፤ በተለይ የምስር ገለባ ጥሩ ነው። ከእውነተኛ ድርቆሽ ጋር በአንድ ዋጋ መሸጥ ግን የለበትም።

በሌላ በኩል ደግሞ ተገቢውን ዋጋ ያላገኘ ዕቃ አለ። በመስከረም የደጋውን ሜዳ የሚያለብሰው ማገጥ ራሱ ጥራጥሬ ወገን ነው። ማገጥ የበዛበት ሜዳ በጊዜው ሲታጨድ የሚወጣው ድርቆሽ ከተራው ሣር ይበልጣል። ገበያው ግን ሁለቱን በአንድ ዋጋ ይጭናቸዋል። እስሩን ፈልቀቅ አድርጎ ባለ ሦስት ቅጠሉን ማገጥ የሚፈልግ ገዢ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ተጨማሪ ፕሮቲን ያገኛል።

እስሩ ሲፈታ

ደላላው «ጋሼ፣ አረንጓዴነቱን ይመልከቱልኝ እንጂ!» ይላል። ጋሼም የላዩን አይተው ይስማማሉ። አረንጓዴነት ጥሩ ምልክት ቢሆንም ብቻውን ምስክር አይሆንም። በአልፋልፋና በቬች ዋናው ሀብት ቅጠሉ ነው፤ በቅጠሉ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ከአገዳው እጥፍና ከዚያም በላይ ነው። እስሩ ሲፈታ ቅጠሉ ከአገዳው ጋር ተያይዞ ካልተገኘ፣ ከሥሩ ዱቄት ብቻ ከረገፈ፣ ገዢው የከፈለው ለእንጨት ነው።

ቅጠል የሚረግፈው በብዛት በአያያዝ ነው። በቀትር ፀሐይ ሲገለባበጥ ይረግፋል፤ ጠዋት ጤዛው ሳይለቅ ቢሰበሰብ ይተርፋል። ሲጫንና ሲወርድ ይረግፋል፤ ከሥሩ ሸራ ቢነጠፍ የረገፈው ለከብቱ ይደርሳል። በሌላ ወገን ደግሞ ሳይደርቅ የታሰረ ድርቆሽ አለ። እርጥበቱ ከ18 በመቶ ገደማ በላይ ሆኖ ከታሰረ ይግላል፣ ይሻግታል፤ ሲብስም ራሱን አቃጥሎ መጋዘን ያነድዳል። እጅን ወደ እስሩ መሐል አስገብቶ ሙቀቱን መሞከር፣ ማሽተት፣ አቧራው ሻጋታ እንዳይሆን ማየት ምንም ወጪ የለውም።

ክብደቱም ሌላ ጉዳይ ነው። አንዱ እስር 15 ኪሎ፣ ሌላው 12 ኪሎ ሆኖ ሁለቱም 225 ብር ቢሸጡ የመጀመሪያው ኪሎ 15 ብር፣ የሁለተኛው 18 ብር ከ75 ሣንቲም ነው። ማንም ነጋዴ በስኳር ላይ እንዲህ ያለ ልዩነት ዝም ብሎ አያልፍም።

የአጨዳው ቀንም ዋጋ አለው። ከላይ በተያዙት ዋጋዎች በአንድ ኩንታል ላይ እያንዳንዱ የፕሮቲን መቶኛ 104 ብር ያህል ያወጣል። ባለንብረቱ ክብደት ይጨምርልኛል ብሎ አጨዳውን አዘግይቶ የአልፋልፋው ፕሮቲን ከ18 ወደ 14 ቢወርድ፣ ገዢው በኩንታል 417 ብር ገደማ ያጣል። 40 ኩንታል ለጫነ መኪና ከ16,000 ብር በላይ ነው። ይህን ሁሉ የወሰነው ደግሞ ጥቂት ቀን ነው።

የተገኘው ድርቆሽ ጥሩ ቢሆንም በአንድ ቀን አይለወጥም። ሣር የለመደ ከብት ወደ አዲሱ መኖ አሥር ቀንና ሁለት ሳምንት ያህል ወስዶ ቀስ በቀስ መግባት አለበት። እርጥብ አልፋልፋ በባዶ ሆዱ የበላ ከብት ሆዱ ተነፍቶ በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ደርቆ ሲቀርብ ይህ አደጋ እጅግ ይቀንሳል። አልፋልፋን አድርቆ ማብላት ለአድላቢ ከሚሰጠው ጥቅም አንዱ ይኸው ነው።

ገበያው ለምን አላመረተውም?

ኢትዮጵያ ከ60 ሚሊዮን በላይ የዳልጋ ከብት አላት። የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ፣ የአሁኑ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት፣ ባወጣቸው የእንስሳት ናሙና ጥናቶች መሠረት ከመኖው ከግማሽ በላይ የሚሆነው ግጦሽ ነው፤ ቀጥሎ የሰብል ተረፈ ምርት ይመጣል። አልፋልፋንና ቬችን የሚያካትተው የተሻሻለ መኖ ከ1 በመቶ በታች ነው። የምርምር ማዕከላት ዝርያዎቹን ካወጡና ካስተዋወቁ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። በኅዳር 2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብርም ወተትና ሥጋን ዓላማው አድርጓል። መኖው ግን ገና እየተከተለ አይደለም።

ለዚህ የመሬት ጥበትና የዘር እጥረት ብዙ ጊዜ በምክንያትነት ይቀርባሉ። ሁለቱም እውነት ናቸው። ሆኖም የዋጋው አሠራር ራሱ ገበሬውን እንደሚያባርር የሚናገር ብዙ የለም። ቅጠሉን ጠብቆ፣ በጤዛ ሰብስቦ፣ በጊዜው ያጨደው ገበሬ የሚያገኘው ዋጋ ዘግይቶ ያጨደው ጎረቤቱ ከሚያገኘው እኩል ከሆነ፣ በሚቀጥለው ዓመት ሁለቱም ዘግይተው ያጭዳሉ። በእስር የሚገዛ ገበያ እስር እንጂ መኖ አያመርትም።

ለማነጻጸር ያህል፣ ነጭ ቦሎቄን እንውሰድ። ሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ለግብይት ከቀረቡት ምርቶች አንዱ ነው፤ ናሙናው ታይቶ፣ ደረጃ ወጥቶለት፣ ተመዝኖ ይሸጣል። የዚያው ቦሎቄ ገለባ ግን ከዚያው ማሳ ወጥቶ በጋሪ ግምት ይሸጣል። ፍሬው ደረጃ አለው፤ ገለባው የለውም። ድርቆሽን ወደ ምርት ገበያው ይግባ ማለት አሁን የሚታሰብ አይደለም፤ ግዙፍ ነው፣ ማጓጓዣው ዋጋውን ይበላዋል። ደረጃ ለማውጣት ግን ገበያ አዳራሽ አያስፈልግም። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የአልፋልፋ ድርቆሽን ዋጋ የሚዘግበው በአምስት የጥራት ደረጃ ከፍሎ ነው። የላይኛው ደረጃ ከ22 በመቶ በላይ ፕሮቲን ያለው፣ የታችኛው ከ16 በመቶ በታች ያለው ነው። ወተት አምራቹ ከላይኛው ይገዛል፣ የሥጋ ከብት አርቢው ከታችኞቹ፤ ሁለቱም የሚከፍሉበትን ነገር ያውቃሉ።

እዚህ አምስት ደረጃ አያስፈልግም፤ ለመነሻ ሦስት ይበቃል። አንደኛው ቅጠሉ ሙሉ የሆነ ጥራጥሬ ወገን ድርቆሽ፣ ሁለተኛው የአጃና የቬች ድብልቅ ወይም ማገጥ የበዛበት ሜዳ፣ ሦስተኛው ተራ ሣር። ሁሉም በኪሎ። ይህን ለመጀመር አዋጅም መመሪያም መጠበቅ አይገባም። ሚዛን ያለው መጋዘን፣ በአካባቢው የታወቀ ደላላና ጥቂት አድላቢዎች ተስማምተው ሊጀምሩት ይችላሉ። አጥፍቶ ባይሆንም አስፈላጊው ናሙና በመኖ ላቦራቶሪ ሊመረመር ይችላል፤ ክፍያው ከ40 ኩንታል ጭነት ላይ ሊመጣ ከሚችለው ኪሣራ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው።

ደላላው በዚህ አሠራር እንጀራው ይቋረጣል ብሎ የሚሰጋ ካለ ተሳስቷል። አሁን ያለው ደላላ ኮሚሽኑን የሚያገኘው ሻጭና ገዢን በማገናኘቱ ብቻ ነው፤ ሞባይል ስልክ ያንን ሥራ በየቀኑ እየቀማው ነው። ድርቆሹን መዝኖ፣ ፈትሾ፣ «ይህ አንደኛ ነው፤ ካልሆነ እኔ እጠየቃለሁ» የሚል ደላላ ግን ስልክ የማይተካው አገልግሎት ይሸጣል። ከገበሬው ጋር በሰኔ ተዋውሎ ዘሩን ያቀረበ፣ በጥቅምት በደረጃው ዋጋ የሚረከብ ነጋዴም አቅርቦቱን አስቀድሞ ይይዛል።

ወቅቱ ራሱ ገዢውን ይረዳል። ለገና የሚታሰር ወይፈን 90 ቀኑን ለማግኘት በመስከረም መጨረሻ መግባት አለበት፤ ይህም አዲሱ ድርቆሽ ሲወጣ ነው። ለፋሲካ የሚታሰረው ግን የሚገባው በጥር ነው፤ ያኔ ድርቆሹ ከማሳ ወጥቶ የነጋዴ መጋዘን ውስጥ ነው፤ ዋጋውም እስከ ክረምት ድረስ እየወጣ የሚሄድበት ጊዜ ነው። የፋሲካውን መኖ በኅዳር ገዝቶ ያስቀመጠ፣ ፋጉሎውንም የኑጉ አዲስ ምርት ወደ መጭመቂያ ሲገባ ያየ አድላቢ ትርፉን ከብቱን ሳይገዛ ማግኘት ይጀምራል።

ለዚህ የሚያስፈልገው ካፒታል ከአንድ ሚዛን፣ ከአንድ ሸራና ከአንድ ደብተር አይበልጥም። በደብተሩ ላይ የሚጻፈው የሣሩ ዋጋ፣ የፋጉሎው ዋጋና የሁለቱ ድብልቅ የሚያወጣው ሒሳብ ነው። አልፋልፋ የያዘው ሻጭ ከዚያ በታች ከጠራ ይገዛል፤ ከዚያ በላይ ከጠራ በሰላም ይሸኛል። «እስሩ ስንት ገባ?» የሚለው ጥያቄም «ኪሎው ስንት፣ ቅጠሉስ አለ ወይ?» በሚለው መተካት አለበት። ሥጋው በኪሎ እስከተሸጠ ድረስ ሥጋውን የሚሠራው ድርቆሽም በኪሎ ሊገዛ ይገባል።